ፓስፖርቷ ለተያዘባት ሴት የተገባ ቃል

ክሪፕቶከረንሲን የሚያስተዋውቁ ሰዎች ደጋግመው የሚገቡት ቃል አለ። የባንክ ደጅ ለተዘጋበት ድሃ፣ ድንበር ተሻግሮ ለሚሠራ ስደተኛ፣ በላቧ ባገኘችው ገንዘብ ማዘዝ ላልቻለች ሴት ነፃነት ያመጣል ይላሉ። ይህን ቃል ሰምቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ በሪያድ፣ በጅዳ፣ በዱባይ፣ በኩዌትና በቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥረው በሚሠሩት እኅቶቻችን ላይ ሦስቱም ችግሮች አንድ ላይ አሉና። ባንክ አያውቃቸውም፣ ስደተኞች ናቸው፣ በደመወዛቸው ላይም የሚያዘው ሌላ ሰው ነው። ቃሉ እውነት ከሆነ በእነርሱ ኑሮ ላይ ሊታይ ይገባል።

የአንዲት የቤት ሠራተኛ ደመወዝ ቤተሰቧ ጋ እስኪደርስ በስንት ሰው እጅ እንደሚያልፍ እናስብ። ገና ስትገባ ፓስፖርቷን ማዳም የምትባለው አሠሪዋ ትወስድባታለች። ስልካቸውን ሥራ ካለቀ በኋላ ብቻ የሚያገኙ ብዙ ናቸው። አንዷ አሠሪ በየወሩ ትከፍላለች፤ ሌላዋ «ስትሄጂ አንድ ላይ ትወስጂዋለሽ» ብላ ታስቀምጠዋለች። ከቤት ወጥቶ ገንዘቡን የሚልክላት ባባ የሚባለው አባወራ ወይም የቤቱ ሾፌር ነው። አገር ቤት ሲደርስ ደግሞ በባል፣ በአባት ወይም በወንድም ስም በተከፈተ ሒሳብ ይገባል፤ ከመሄዷ በፊት በስሟ ሒሳብ እንድትከፍት የነገራት የለምና። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ከቦሌ የወጡት ብዙዎቹ የሠሩበትን ሳይቀበሉ የመጡ ነበሩ። የላኩት ተበልቶ የጠበቃቸውም ጥቂት አልነበሩም። ከጅዳ የተመለሰች አንዲት እናት «ወንድሜ፣ ማዳምስ ሙሉውን ከፍላኛለች፤ ያጣሁት እዚሁ አገሬ ነው» ብላኛለች። ልጆቿን ያሳደጉላትን ዘመዶች አትወቅስም። የሚቆጫት በስሟ የተቀመጠ አንድ ብር እንኳ አለመኖሩ ነው።

ሊባኖስ ውስጥ ከዚህም የባሰ ታየ። እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ የአገሪቱ ባንኮች ሲንኮታኮቱ፣ ለረጅም ዓመታት አንድ ዶላር በ1,500 ሊራ ገደማ ይመነዘርበት የነበረው ገንዘብ ዋጋ አጣ። ደመወዝ በዶላር ይከፍሉ የነበሩ ቤተሰቦች ዶላር ከየት ያምጡ? በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በመኪና እያመጡ ቤይሩት ባለው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ብዙዎቹ የወራት ደመወዝ አልተከፈላቸውም ነበር። በዚያው ቀውስ ባንካቸው የዘጋባቸው ሊባኖሳውያን ዋጋው ከዶላር ጋር ወደተያያዘው ዩኤስዲቲ ወደሚባለው ዲጂታል ገንዘብ ዞረዋል፤ ከውጭ አገር ሥራ የሚቀበሉ ወጣቶች ክፍያቸውን በእርሱ እየተቀበሉ ቤተሰብ አኖረዋል። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቀውስ ውስጥ፣ አዲሱ መንገድ ለአንዱ ተከፍቶ አስፋልት ላይ ለተጣሉት ሴቶች ሳይከፈት መቅረቱን እንዴት እንረዳው?

መልሱን ከመፈለጌ በፊት የሚገባውን ምስጋና ልስጥ። አፍጋኒስታናዊቷ ሮያ መህቡብ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ ከእርሷ ጋር ለሚሠሩ ልጃገረዶች በቢትኮይን መክፈል ጀምራ ነበር። ልጃገረዶቹ የባንክ ሒሳብ አልነበራቸውም፤ ጥሬ ገንዘብ ይዘው ቤት ከገቡም አባት ወይም ወንድም ይወስድባቸው ነበር። ናይጄሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 ወጣቶች የፖሊስን ጭካኔ በመቃወም አደባባይ ሲወጡ፣ ፌሚኒስት ኮአሊሽን የተባለው የሴቶች ስብስብ ለቆሰሉት ሕክምና፣ ለታሰሩት ጠበቃ ገንዘብ ያሰባስብ ነበር። የባንክ መንገዱ ሲዘጋበት በቢትኮይን መቀበሉን ቀጠለ። በእነዚህ ሁለት ታሪኮች ውስጥ ቴክኖሎጂው ሌላ ምንም ያልሠራውን ሠርቷል። ይህን የሚክድ ሰው የተዘጋ በር ፊት ቆሞ አያውቅም።

ይሁንና የአፍጋኒስታን ልጃገረዶች አጠገባቸው ሆና የምታስተምራቸውና የምታምናቸው ሴት ነበረቻቸው። የናይጄሪያዎቹ የተማሩ፣ ስልካቸው በእጃቸው ያለ፣ ሕጉንም ኢንተርኔቱንም የሚያውቁ ናቸው። ሪያድ ያለችው እኅታችን ዲጂታል ገንዘብ ልግዛ ብትል መጀመሪያ የምትጠየቀው ፓስፖርቷን ፎቶ አንሥታ እንድትልክ ነው። ፓስፖርቱ ማዳም ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ቀጥሎ ገንዘብ የሚወጣበት የባንክ ሒሳብ ወይም ካርድ ትጠየቃለች። እርሱም የላትም። ከአሠሪዋ ጠፍታ የምትሠራ ከሆነች ደግሞ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የላትም፤ በስሟ ሲም ካርድ ማውጣት እንኳ አትችልም። ይህን ሁሉ አልፋ ብትገባ ገንዘቧን የሚጠብቅላት የ12 ወይም የ24 ቃላት ቁልፍ ነው፤ በራሷ ቋንቋ ያልሆነ፣ ወረቀት ላይ ጽፋ የምታስቀምጥበት የግል መሳቢያ በሌለበት ቤት ልትደብቀው የሚገባ ቁልፍ። ስለዚህ ስልክም፣ ፓስፖርትም፣ ሒሳብም ያለው ሌላ ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው ደላላ ነው። ከገጠር አውጥቶ ያሻገራትም ደላላ ነበር። መሃል ገቢን ያስቀራል የተባለው ገንዘብ እርሷ ጋ የሚደርሰው በመሃል ገቢ እጅ ብቻ ነው፤ የኔ ትዝብት ዋና ነጥብም ይኸው ነው። ከባንክ ያስቀራት ነገርና ከክሪፕቶ የሚያስቀራት ነገር አንድ ነው፤ ሰነዷና ስልኳ የእርሷ አለመሆናቸው።

ደላላው ቢከዳትስ? እናቶቻችን ዕቁብ ሲገቡ ዳኛ ይመርጣሉ፣ ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ይጠራል፣ ያጓደለ ይወቀሳል፣ ከባሰም ይከሰሳል። ድሃ ገንዘቡን ለሰው የሚያምነው ይህ ሁሉ ስላለ ነው። የክሪፕቶ ሥርዓት የተሠራው ዳኛም ዋስም እንዳያስፈልገው ተደርጎ ነው፤ በተሳሳተ አድራሻ የተላከ ገንዘብ አይመለስም፣ አቤት የሚባልበት ቢሮም የለም። ሀብታም ሰው እንዲህ ያለ ኪሳራ ሲደርስበት ሌላ የሚተርፈው አለው። የሁለት ዓመት ደመወዟን ያጣች ሴት ግን ወደ አገሯ መመለሻውንም አብራ አጥታዋለች።

ማጭበርበሩም የሚመጣው ከሚታመን ሰው ነው። ቡልጋሪያ የተወለደችው ሩያ ኢግናቶቫ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረችው ዋንኮይን እውነተኛ ክሪፕቶ እንኳ አልነበረም፤ ከኋላው ግብይቱ የሚመዘገብበት ምንም ብሎክቼይን የሌለው የውሸት ገንዘብ ነበር። ሴትዮዋ እ.ኤ.አ. በ2017 ተሰወረች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካው ኤፍቢአይ በጣም ከሚፈለጉ 10 ሰዎች መዝገብ ውስጥ አስገባት። ዋንኮይን ኡጋንዳ ድረስ ደርሶ ከብትና መሬት ያሸጠው ግን እርሷ በአካል ሄዳ አይደለም። ጎረቤት ለጎረቤት፣ ዘመድ ለዘመድ ነው የሸጠው። ዛሬ በቴሌግራምና በቲክቶክ በአማርኛ «በቤትሽ ሆነሽ በዶላር አትርፊ» የሚሉትን ስመለከት የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ብዙዎቹ የሚያነጋግሩት ዐረብ አገር ያሉትን ሴቶች ነው። «እኅቴ» እያሉ ነው የሚጀምሩት።

ገንዘብ መላክ ውድ ነው የሚለው ቅሬታ እውነት መሆኑን አልረሳሁም። የዓለም ባንክ እንደሚለው ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች 200 ዶላር ለመላክ በአማካይ ከመቶ 8 ገደማ ይወሰዳል፤ ዓለም እ.ኤ.አ. በ2030 ከ3 በታች አደርሰዋለሁ ብሎ ተስማምቶ ነበር። በእኛ አገር ደግሞ ከክፍያው ይልቅ ምንዛሪው ነበር የሚጎዳው፤ እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ባንክ ዶላሩን በ57 ብር ገደማ ሲገዛ ጥቁር ገበያው ከ110 ብር በላይ ይሰጥ ነበር። እንዲህ ባለ ልዩነት በእጅ የላከችን እኅት ማን ይወቅሳታል? ክሪፕቶ ይህን ያቃልላል የሚለውን ተስፋ ኤልሳልቫዶር ቢትኮይንን እ.ኤ.አ. በ2021 ሕጋዊ መገበያያ አድርጋ ለዜጎቿ በየስልካቸው 30 ዶላር ሰጥታ ሞክራዋለች። ከውጭ ከሚገባላት ገንዘብ በክሪፕቶ የመጣው ግን ከመቶ 2 እንኳ አልሞላም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይም ነጋዴዎች ቢትኮይን የመቀበል ግዴታቸው ተነሣ።

ወደ አገራችን ስመለስ ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ ኃይላችን በኪሎዋት ሰዓት 3 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ እየተከፈለበት ቢትኮይን በኮምፒውተር ለሚያመርቱ (ማይኒንግ) የውጭ ኩባንያዎች ሲሸጥ ቆይቷል፤ ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና መብራት አላገኘም። መንግሥት የውጭ ምንዛሪ እንደሚያስፈልገው ይገባኛል። ክልከላውም ሕዝብን ከአጭበርባሪ ለመጠበቅ ከሆነ ዓላማው መልካም ነው። ነገር ግን ተከልክሏል ተብሎ ብቻ ሲተው የተጭበረበረችው ሴት ፖሊስ ጋ ሄዳ «ተበላሁ» ማለት ትፈራለች፤ ራሷ ሕግ ጥሳለችና። በውጤቱ የተጠበቀው አጭበርባሪው ይሆናል። ከቢትኮይን የሚገኘውን ዶላር የሚቀበል መንግሥት ቢያንስ ስለ አደጋው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ለእነዚህ ሴቶች የማስረዳት፣ የተበደለችዋንም ሳያስፈራራ የመስማት ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ተስፋ የሰጠኝ ነገር የመጣው ካልጠበቅሁት አቅጣጫ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ሙሳነድ በሚባለው የቤት ሠራተኞች ቅጥር ሥርዓቷ በኩል፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ ለአዲስ ሠራተኛ ደመወዝ በጥሬ ገንዘብ መሆኑ ቀርቶ በባንክ ወይም በታወቀ ዲጂታል ዋሌት በሠራተኛዋ ስም እንዲገባ አዝዛለች። ብዙ ሠራተኛ ካለው ቀጣሪ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወርዶ በጃንዋሪ 2026 ሁሉንም አሠሪ እንዲያካትት መርሐ ግብር ወጥቶለት ነበር። ይህ ያለ አንዳች አዲስ ሳንቲም የሚሠራ ነገር ነው። ማዳም ካልከፈለች አለመክፈሏ ይታያል፤ ሴቲቱ ብትከሰስም ብትከስም ማስረጃ አላት። በደመወዟ ላይ የምታዘውም እርሷው ራሷ ትሆናለች። ይህን ያላደረጉ የባሕረ ሰላጤው አገሮችና ሊባኖስም ይህንኑ እንዲያደርጉ መንግሥታችን የሠራተኛ ስምምነት ሲፈራረም እንደ ቅድመ ሁኔታ ሊያስቀምጠው ይገባል። ከጉዞ በፊት በሚሰጠው ሥልጠና ልጃገረዶቻችን ልብስ መተኮስና ምንጣፍ ማጽዳት ይማራሉ። በስሟ ሒሳብ ሳትከፍት፣ ሙሳነድ ላይ ደመወዟ የት እንደሚታይ ሳትማር፣ የፓስፖርቷን ቅጂ ስልኳ ውስጥ ሳታስቀምጥ አውሮፕላን የምትሳፈር ልጅ መኖር የለባትም።

የሚቀሩት ኢቃማ የሌላቸው ናቸው። ከክፉ አሠሪ ሸሽተው በየቤቱ በተመላላሽነት የሚሠሩ፣ ሙሳነድ የማያውቃቸው፣ ፓስፖርታቸው አሁንም በቀድሞ ማዳማቸው ቤት ያለ። የደላላው ዋና ደንበኞች እነርሱ ናቸው፤ ዩኤስዲቲ የሚሸጥላቸውም እርሱ ነው። ቆንስላዎቻችን ለእነዚህ ሴቶች ባንክ የሚቀበለው መታወቂያ ሊሰጧቸው ይችላሉ። ባንኮቻችንም ዶላር ሲያጥራቸው ዲያስፖራውን በየአገሩ እየዞሩ «ሒሳብ ክፈቱ» እያሉ ሲጠይቁ ኖረዋል። ጅዳ ላይ ዓርብ ከሰዓት፣ ሴቶቹ በሚሰበሰቡበት ሰፈር አንድ ጠረጴዛ ዘርግቶ መቀመጥ ከዚያ የሚከብድ ሥራ አይደለም፤ ባንኮቹም ቆንስላዎቹም እንዲጀምሩት እጠይቃለሁ።