ስለ «ኤቨረስት» ፊልም፤ የመመለሻ ሰዓት

አንድ ፊልም በሲኒማ አዳራሽና በመኖሪያ ቤት ሲታይ አንድ ዐይነት አይደለም። አዳራሹ የሥዕሉን ግርማ ይሰጣል፤ ቤት ደግሞ የነገሩን ፍሬ ለመመርመር ጊዜ ይሰጣል። ይህም ልዩነት «ኤቨረስት» በተባለው ፊልም ላይ በግልጽ ይታያል። የአይስላንድ ተወላጅ የሆነው ባልታሳር ኮርማኩር የሠራው ይህ ፊልም በነሐሴ ወር 2007 ዓ.ም. በቬኒስ የፊልም በዓል መክፈቻ ታየ፤ በጥር ወር 2008 ዓ.ም. ደግሞ በዲቪዲና በብሉሬይ ተቀርጾ በአሜሪካ አገር ለሽያጭ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ተመልካቾች የሚሰጡት አስተያየት የተለያየ ስለ ሆነ፥ እኛም የየወገኑን ሐሳብ መዝነን ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን ለማመልከት ወደድን።

ታሪኩ በእውነት የተደረገ ነው። በግንቦት 2 ቀን 1988 ዓ.ም. የኒውዚላንዱ ሮብ ሆልና የአሜሪካው ስኮት ፊሸር፥ ገንዘብ ከፍለው ተራራ የሚወጡ ሰዎችን እየመሩ፥ 8,849 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ኤቨረስት ጫፍ ጕዞ ጀመሩ። መንገዱ በሰው ብዛት ተጨናነቀ፤ አስቀድሞ መታሰር የነበረበት ገመድም በቦታው ስላልነበረ ብዙ ሰዓት ባከነ። በዚያ ከፍታ ላይ የሚገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ቆሞ መጠበቅ ራሱ ጉልበት ይጨርሳል። ኋላም ማዕበል ተነሣ። ሁለቱን መሪዎች ጨምሮ፥ በተራራው በሁለቱም ወገን 8 ሰዎች ሞቱ።

የተመልካቾቹን አስተያየት በሦስት ከፍለን ልናየው እንችላለን። አንደኞቹ ተራራውን ያደንቃሉ። ፊልሙ ከፊሉ በኔፓል፥ ከፊሉም በኢጣልያ አልፕስ ተራሮች ስለ ተነሣ፥ በሲኒማ ቤት ገደሉ ያስደነግጣል፤ በቤት ቴሌቪዥን ግን ግርማው ይቀንሳል ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ሁለተኞቹ፥ ባለ ታሪኮቹ በዝተውብናል፤ ፊታቸውም በመነጽርና በቆብ ስለ ተሸፈነ ማን ማን እንደ ሆነ መለየት ቸገረን ይላሉ። ሸክም የሚሸከሙትና መንገድ የሚያበጁት ሼርፓዎች የሚገባቸውን ቦታ አላገኙም የሚለው ነቀፋም ከዚሁ ጋር ይቈጠራል፤ ነቀፋውም ተገቢ ነው። ሦስተኞቹ ደግሞ፥ ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ ፊልሙ አልነገረንም ብለው ያዝናሉ። በጕዞው ላይ የነበረውና ስለዚሁ መጽሐፍ የጻፈው ጆን ክራካወርም፥ ሰው እንዲያድን ተጠይቆ «አልችልም» ሲል የሚታይበት ክፍል ከቶ ያልተደረገ ነው ሲል ተቃውሟል። ስለዚህ ፊልም ከእውነት ቢነሣም እንደ ምስክር ቃል ሊወሰድ አይገባም።

ለሦስተኞቹ ጥያቄ ግን መልሱ በፊልሙ ውስጥ አለ እንላለን፤ እርሱም ሰው ሳይሆን ሰዓት ነው። ፊልሙ እንደሚያሳየን፥ ሆል ከጫፉ የደረሰም ያልደረሰም ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን እንዲመለስ አስቀድሞ ወስኖ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፥ ሰዓቱን የወሰነው አእምሮው ሳይደክም ነው። ነገር ግን ዳግ ሃንሰን የተባለው የፖስታ ቤት ሠራተኛ፥ ባለፈው ዓመት ጫፉ ከቀረበው በኋላ በሆል ትእዛዝ ተመልሶ ስለ ነበር፥ ሆል ዳግመኛ ሊመልሰው አልጨከነም። 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ አብረው ከጫፉ ላይ ቆሙ፤ ሁለቱም በሕይወት አልተመለሱም።

እንግዲህ ሆልን ለሞት ያበቃው ክፋት ሳይሆን ርኅራኄ ነውና፥ በእርሱ ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም። ሆኖም ርኅራኄ በፊቱ ያለውን አንዱን ሰው ብቻ አይቶ፥ በቤት የሚጠብቁትን የረሳ እንደ ሆነ ለሁሉም ጉዳት ይሆናል።

ሆል በማግስቱ ከጫፉ በታች በበረዶ ተይዞ ሳለ፥ በኒውዚላንድ ከነበረችው ነፍሰ ጡር ሚስቱ ጋር በሬዲዮና በሳተላይት ስልክ ተነጋገረ፤ ልጁም የተወለደችው አባቷ ከሞተ ከሁለት ወር በኋላ ነው። አንዳንድ ተመልካቾች፥ በፊልሙ ውስጥ ሚስቶች በስልክ አጠገብ ከማልቀስ በቀር ሥራ የላቸውም ይላሉ። ነገር ግን ሞቷል ተብሎ ከተተወ በኋላ በእግሩ ወደ ሰፈር ለተመለሰው ለቤክ ዌዘርስ፥ ሄሊኮፕተር እንዲላክለት በቴክሳስ ሆና የተሟገተችው ሚስቱ ናት። ስለዚህ ያ የቤት ስልክ የታሪኩ ዳርቻ ሳይሆን ማዕከሉ ነው። በአዳራሽ ውስጥ የገደሉ ግርማ ይህን ይጋርደዋል፤ በቤት ግን ሥዕሉ ሲያንስ የሰዎቹ ድምፅ ይቀርባል።

ስለዚህ ወላጆች ፊልሙን ለማየት ቢፈልጉ፥ የሞት ነገር የበዛበት ነውና ሕፃናትን አስተኝተው፥ ካደጉት ልጆች ጋር እንዲያዩት እንመክራለን። ካዩም በኋላ «ጥፋተኛው ማን ነው?» ከማለት ይልቅ «የመመለሻው ሰዓት መቼ ነበር?» ብለው ይነጋገሩ። ኤቨረስትን የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ሌሊት ለሚነዳ ሾፌርም፥ በብድር ላይ ብድር ለሚጨምር ነጋዴም የመመለሻ ሰዓት አለው። ሰዓቱ አእምሮ ሳይደክም ይወሰን፤ በቤት ላሉትም ይነገራቸው፤ በሰዓቱ የተመለሰውንም ማንም ፈሪ አይበለው። በዚያች ቀን ከሆል ቡድን ሦስት ሰዎች ከጫፉ ሳይደርሱ ከእኩለ ቀን በፊት ተመልሰው ነበር፤ ሦስቱም በሕይወት ወደ አገራቸው ገቡ። ፊልሙ ስለ እነርሱ ብዙ አይናገርም፤ በየቤቱ ግን ስለ እነርሱ ይነገር።