ገመናን መከለል ጎረቤትን መጥላት አይደለም



ባለፈው እሑድ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ፣ በአጭሩ የድንጋይ አጥራቸው ላይ እንጨት ጨምረው ያስረዘሙ ሰዎች ጉዳይ ተነሥቶ ብዙ ተብሏል። አንዱ «ሰው ንቀው ነው» አለ። ሌላው «እንደ ባዕድ ሊኖሩ ፈልገው ነው» አለ። አንዲት እናት ደግሞ «ምን የሚደበቅ ነገር ቢኖራቸው ነው?» ብለው ሲጠይቁ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አጥር ካስረዘሙት አንዱ ሆኜ ሳለ አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው አፈርሁ። ስለዚህ ያን ዕለት ያልተናገርሁትን ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ እናገራለሁ።

ለመሆኑ የሚደበቅ ነገር የሌለው ቤት የትኛው ነው? ማድ ቤታችን ውጭ ነው፤ የውኃ ቧንቧችን ውጭ ነው፤ ልብስ የምናሰጣው ውጭ ነው። አራስ ልጇን ፀሐይ የምታሞቀው፣ ሕመምተኛ ገላውን የሚታጠበው፣ ኀዘንተኛ ለብቻው የሚያለቅሰው ግቢ ውስጥ ነው። ለእኛ ግቢ ማለት ጓዳ ማለት ነው። የሰውን ጓዳ ቆሞ ማየት ነውር ከሆነ፣ ጓዳውን የከለለው ሰው እንዴት ተደርጎ ነውረኛ ይባላል?

በእኔው ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። እናቴ ወገባቸውን ታመው አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ፣ በየጠዋቱ ፀሐይ እንዲሞቁ ደግፈን በረንዳ ላይ እናወጣቸው ነበር። በረንዳው ከመንገድ ይታያል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ «እማማ፣ ምን ሆኑ? እንዴት ከሱ!» እያለ ይቆማል። ሰዉ በደግነት ነው፤ አልካድሁም። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በሦስተኛው ቀን «ከእንግዲህ አልወጣም» አሉ። ሁለት ወር ሙሉ ፀሐይ ሳያዩ ቆዩ። ጎረቤት ጠልተው ነውን? አይደለም! ጎረቤት በዚያ ሁኔታ እንዲያያቸው ስላልፈለጉ ነው። እንጨቱ በተተከለ ማግስት ወጡ፤ በሳምንቱም ራሳቸው ቡና አስፈልተው ጎረቤት አስጠሩ።

«ድሮ እኮ አጥራችን እስከ ወገብ ነበር፤ ተፋቅረን ኖረናል» የሚሉም አሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ድሮ ከአጥሩ ጀርባ ምን ነበር? ባሕር ዛፍ ነበር፤ ጌሾ ነበር፤ ቤትና ቤትም ይራራቅ ነበር። ዛሬ ዛፉ ተቆርጦ ሰርቪስ ቤት ተሠርቶበታል፤ ከጎኑ ፎቅ ወጥቷል፤ መንገደኛው በዝቷል። ያ አጭር ድንጋይ ፍየል ይመልስ ይሆናል እንጂ ዐይን አይመልስም።

ይህን ስል ግን አጥር ያስረዘመ ሁሉ ደግ ሠርቷል ማለቴ አይደለም። እኔ ራሴ ሁለት ጥፋት አጥፍቻለሁ። አንደኛ፣ ጎረቤቴን ሳላማክር ተከልሁ። ጋሼ ጠዋት ሲነሡ አትክልታቸው ላይ ጥላ ወድቆ አገኙት፤ አንድ ወር ሰላምታ ነሡኝ፤ ደግም አደረጉ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1225 ባለ ይዞታ በይዞታው ሲጠቀም ጎረቤቱን ከመጉዳት እንዲቆጠብ ያዛል። ሁለተኛ፣ ቋሚዎቹን በጭቃ በተገነባው አጥር አናት ላይ አቆምኋቸው። ጣውላውን ያለ ክፍተት ገጥሜው ስለነበር የየካቲት ነፋስ እንደ ሸራ ገፋው፤ ድንጋዩን ጭምር ይዞ ወደ ጋሼ ግቢ ተደረመሰ። ልጆች በዚያ ሰዓት አለመኖራቸው የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ሽማግሌ ይዤ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እንደገናም ስተክል እሳቸው ጫፉን ይዘውልኝ ነበር።

ስለዚህ እርስ በርስ መተማማቱ ቀርቶ፣ ማኅበራችን በሚመጣው ስብሰባ እነዚህን ነጥቦች ተነጋግሮ እንዲያጸድቅ እጠይቃለሁ፦

1ኛ/ አጥር የሚያስረዝም ሰው አስቀድሞ ጎረቤቱን ያማክር። የጎረቤቱን ፀሐይ የሚጋርድ ከሆነ ቁመቱን ይቀንስ።

2ኛ/ ቋሚው በድንጋዩ አናት ላይ ሳይሆን በራስ ግቢ፣ ከአጥሩ መሠረት ራቅ ብሎ መሬት ውስጥ ይተከል። 2.5 ሜትር ለሆነ ቋሚ ቢያንስ 70 ሳንቲ ሜትሩ መሬት ይግባ።

3ኛ/ በጣውላና በጣውላ መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይተው። ነፋስ ያልፋል፤ ብርሃን ይገባል፤ ሌሊት «ድረሱልኝ!» የሚል ጩኸትም ይሰማል። የጣውላው ጫፍ መሬት አይንካ፤ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይወጣበታል።

4ኛ/ እርጥብ ባሕር ዛፍ አይተከል፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የአገር ጥድ ምስጥ ይችላል፤ ዋጋው ግን ለሁሉም አይቀመስም። አቅም የሌለው ደህና አድርጎ የደረቀ ባሕር ዛፍ እግሩን ሬንጅ ቀብቶ ይትከል።

5ኛ/ ቆርቆሮ ባይሆን ይመረጣል። ዝናብ ሲመታው ሰፈር አያስተኛም፤ ሲዝግ ደግሞ ጠርዙ የልጆች እጅ ይቆርጣል።

6ኛ/ በሁለት ግቢ መካከል ድሮ የነበረች ትንሽ በር ካለች አትዘጋ።

የሩቅ ዘመድ ከቅርብ ጎረቤት አይበልጥም ሲባል ሰምተን አድገናል። ጎረቤት የሚፈለገው ግን ለችግር ቀን ሊደርስ ነው እንጂ ልብስ ስናጥብ ሊቆጥርልን አይደለም። ያን ዕለት የጠየቁን እናት ቅር እንዳይላቸው እለምናለሁ። የደበቅሁት ነገር ምን እንደሆነ አሁን ነግሬያቸዋለሁ። ደግሞም ቤቴ ይምጡ፤ እናቴ ቡና አፍልተው ይጠብቋቸዋል።

ከማኅበሩ አባላት አንዱ