የዳገት ኬላ

እኛ በእግር የምንወጣ ነን። ሊፍቱ ሳይነቃ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ግንባራችን ላይ ባትሪ አስረን ዳገቱን እንጀምራለን። ከስኪው ሥር ጠጉራም ጨርቅ ይለጠፋል። ጠጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ስለሆነ ወደ ፊት ሲገፉት ይንሸራተታል፤ ወደ ኋላ ልመለስ ሲል በረዶውን ነክሶ ይይዛል። የጫማው ተረከዝ ልቅ ነው፣ እርምጃውም ተራ የእግር ጉዞ ነው። ጨርቁን ዛሬም «ቆዳ» እንለዋለን፤ በጥንት ጊዜ በእርግጥም የአቆስጣ ቆዳ ነበር፤ አሁን ናይለን ወይም የአንጎራ ፍየል ጠጉር ነው። ጫፍ ላይ ስንደርስ ገሽልጠን ጃኬታችን ውስጥ እንከተዋለን፣ ተረከዛችንን እንቆልፋለን፣ እንወርዳለን። አንድ ሰዓት ተኩል የወጣነውን በስድስት ደቂቃ። ይህ ሞኝነት የሚመስለው ሰው አለ፤ የቤተሰቦቻችንም ድምፅ ከዚያው ወገን ነው።

ይህን በአማርኛ የምንጽፈው በዴንቨርና በኦሮራ ለሚኖሩ፣ የሮኪን ተራሮች ከመኪናቸው መስኮት እያዩ ወደ ሥራ ለሚገቡ ወገኖቻችን ነው። ተራራውን የሚያውቁት እንደ ግድግዳ ሥዕል ነው። የእነሱም እንደሆነ የነገራቸው የለም።

አንድ የጥር ቅዳሜ ከኦሮራ ተነሥተን በአይ-70 ወደ ምዕራብ ነዳን። አብረውኝ የነበሩት ጋሼ የምላቸው ሰው ናቸው፤ ሌሊቱን ኤርፖርት ሲያመላልሱ ያደሩ የታክሲ ሹፌር። መኪናውን አቆምን፤ ለፓርኪንግ የሚከፈለውን ከፈልን፤ በእሱ ቅሬታ የለንም። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ኮፍያው እስከ ቅንድቡ የወረደ ልጅ የካርድ ማሽን ይዞ ቆሟል።

«ፓስ አላችሁ?»

«የሊፍት?» አሉ ጋሼ።

«የመውጫ።»

ጋሼ ቀና ብለው ሊፍቱን አዩት። ወንበሮቹ በረዶ ተሸክመው ተሰቅለዋል። «ሊፍቱ ተኝቷል እኮ፤ የሚከፈለው ለምኑ ነው?»

«ለመግባት።»

«ወዴት?»

ልጁ ዝም አለ። ከኋላው ያለው ተራራው ብቻ ነበር።

ጋሼ ከፈሉ። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ እዚያ የደረሰ ሰው ባዶውን አይመለስም። ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሻቸውን ሊሰበስቡ ቆሙና፣ «እኔ ኬላ የማውቀው ለጭነት ነበር» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ የተጀመረው እዚያ ነው።

መሬቱ የማን እንደሆነ እንነጋገር። አሜሪካ ውስጥ 122 የስኪ ሪዞርቶች የሚሠሩት በብሔራዊ ደን መሬት ላይ ነው። ቬይል፣ ብሬከንሪጅ፣ ኮፐር፣ ስኖማስ፣ ሁሉም ዋይት ሪቨር የሚባለው ብሔራዊ ደን ውስጥ ናቸው። መሬቱን አልገዙትም። በ1986 የወጣ ሕግ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እስከ 40 ዓመት የሚዘልቅ ፈቃድ ያሰጣቸዋል፤ ለዚህም እንደ ገቢያቸው መጠን ከ1.5 እስከ 4 በመቶ እየተሰላ ለመንግሥት ይከፍላሉ። የፈቃዱ ቅጽ ራሱ የሚለው ግልጽ ነው፦ ብቸኛ መብት አይሰጥም፤ ለተተከሉት ነገሮች ጥበቃና ሥራ ሲባል ባለፈቃዱና ደኑን የሚያስተዳድረው የመንግሥት የደን አገልግሎት ከሚስማሙበት ገደብ በቀር መሬቱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ባለፈቃዱ እንግዲህ ተከራይ ነው። ተከራይነት ነውር የለውም፤ ግማሻችን ተከራይ ነን። ግን ግቢውን ለዓመታት ሲጠርግ የኖረ ተከራይ አንድ ቀን የባለቤቱን ልጅ በር ላይ አስቁሞ «ማንን ፈልገህ ነው?» ሲለው የምናውቀው ነገር ነው።

ሊፍት ላይ ጠብ የለንም። በ1936 አይዳሆ ውስጥ ሰን ቫሊ ላይ የወንበር ሊፍት ሲተከል፣ ሐሳቡን ያመጣው ጂም ከረን የሚባል የዩኒየን ፓሲፊክ ባቡር መሐንዲስ ነበር፤ መነሻ ያደረገውም የሙዝ ዘለላ መርከብ ላይ የሚጫንበትን ማመላለሻ ነው። መንጠቆው ወጣ፣ ወንበር ገባ፣ ሙዙ ቀርቶ ሰው ተጫነ። ጎበዝ ፈጠራ ነው። ብረት ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል፣ ዘበኛና ጥገና ይፈልጋል፤ የተጫነ ይክፈል። እኛ ግን አልተጫንንም።

የሚገርመው፣ ሪዞርቶቹ ራሳቸው የተገኙት በእኛ ዓይነት ሰዎች እግር ነው። ፒት ሲበርት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚሁ ኮሎራዶ ካምፕ ሄል ውስጥ የሠለጠነ የ10ኛው የተራራ ክፍለ ጦር ወታደር ነበር፤ ጣሊያን ውስጥ ክፉኛ ቆስሏል። በመጋቢት 1957 ኧርል ኢተን የሚባል የአካባቢው ሰው እየመራው ስም ያልወጣለትን ተራራ ሰባት ሰዓት ሙሉ በበረዶ ላይ ወጡት። ጫፍ ላይ ሆነው ከወዲያ በኩል የተዘረጋውን ሰፊ ገላጣ ቁልቁለት አዩ። ቬይል የተወለደው ያን ቀን ነው። በታኅሣሥ 1962 ሲከፈት የቀን ትኬቱ 5 ዶላር ነበር። ዛሬ በደራው ሰሞን በር ላይ የሚገዛ ሰው ከ300 ዶላር በላይ ይከፍላል። ዋጋው የሊፍት ነውና ያሻቸውን ይበሉ። ይህን ያነሣነው አንድ ዋጋ አንዴ ከተለጠፈ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ለማሳየት ነው። ምክንያቱም አስፐን በ2021 በገባው የበረዶ ወቅት ለመውጫ 69 ዶላር ማስከፈል ሲጀምር «69 ዶላር ምን አላት?» ያሉን ብዙ ነበሩ። ሌሎችም ሪዞርቶች የየራሳቸውን የመውጫ ፓስ ይሸጣሉ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል።

አሁን ወደ ሕጉ፤ እዚህ ላይ ታገሡን። በ2004 የወጣው የፌዴራል የመዝናኛ ክፍያ ሕግ የደን አገልግሎቱን ይከለክለዋል፦ በመሬቱ ላይ በእግሩ አልፎ የሚሄድ፣ ያዘጋጀኸውን ምንም ነገር ያልተጠቀመ ሰው አታስከፍል ይለዋል። አሪዞና ውስጥ ማውንት ሌመን ላይ አገልግሎቱ መኪና አቁመው ተራራ የሚሄዱትን ሲያስከፍል አራት ሰዎች ከሰሱ፤ በ2012 የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። እሰየው ብለን ሳንጨርስ በ2014 ዋሽንግተን ዲሲ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሌላ ጉዳይ አየ። ጉዳዩ ስለ ስኪ አልነበረም፤ በደን መሬት ላይ ካምፕና የመዝናኛ ቦታ የሚያስተዳድሩ የግል ድርጅቶችን የሚመለከት ነበር። ዳኛው ያ ክልከላ መንግሥትን እንጂ በፈቃድ የሚሠራውን ድርጅት አይዝም አሉ። እንግዲህ ባለቤቱ ሊያስከፍለን የማይችለውን ተከራዩ ያስከፍለናል ማለት ነው። ኬላው የቆመው በዚህች ቀዳዳ ላይ ነው። እንድትደፈን እንፈልጋለን፤ መድፈን የሚችለውም ኮንግረስ ነው። እኛም ዜግነት ስንወስድ እጃችንን አንሥተን የማልነው በዚህ አገር ሕግ ነውና ለተወካዮቻችን ስንጽፍ ምን እንዳገባን የሚጠይቀን አይኖርም።

የደኅንነቱን ነገር ሸሽተን አናልፍም። ሌሊት በረዶውን የሚዳምጠው ሰንሰለታም መኪና ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ሲሠራ ከላይ ከምሰሶ በብረት ገመድ ይታሰራል። ገመዱ ብዙ መቶ ሜትር ይረዝማል። ረግቦ በረዶ ውስጥ ይቀበርና መኪናው ሲጎትተው በቅጽበት ወገብ ድረስ ይነሣል። ጨለማ ውስጥ አይታይም። በአልፕስ ተራሮች ሰው ገድሏል። ማለዳ ደግሞ የናዳ ጠባቂዎቹ ፈንጂ ይጥላሉ። ስለዚህ «ዛሬ ይህ መንገድ ዝግ ነው» ሲሉን እንዘጋለን፤ ክርክር የለም። ግን መዝጋት ሌላ፣ ማስከፈል ሌላ። ገመዱ ፓስ የገዛውንም ያልገዛውንም እኩል ይቆርጣል። ገንዘብ ተቀብሎ የሚያሳልፍ ሰው ስለ ደኅንነቴ ነው ቢለኝ ለማመን ይቸግረኛል።

ከሚነሡት ሁሉ ጠንካራው ሙግት ሌላ ነው። «የምትወጡት እኛ በዳመጥነው በረዶ ላይ፣ የእኛ ጠባቂዎች ከናዳ ባጸዱት ቁልቁለት ላይ ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው። ከሪዞርቱ ውጭ ያለው በረዶ የኮሎራዶን ተራራ የማያውቀውን ይቀብራል፤ ጀማሪ መማር ያለበት እዚህ ውስጥ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ በመካከላችንም አንስማማም፤ ለጠባቂዎቹ የሚሆን መዋጮ ቢኖር በደስታ እሰጣለሁ የሚሉ አሉ፣ እኔም አንዱ ነኝ። ግን መዋጮ በሳጥን ነው እንጂ በኬላ አይሰበሰብም። የአካባቢው የነፍስ አድን ቡድኖች በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ሌሊት ወጥተው ሰው ፈልገው ሲያወርዱ ሒሳብ አያስከፍሉም። ከእነሱ እንማር። የተዳመጠው በረዶ ለሚከፍል ይሁን ካሉ ደግሞ ይሁን፤ ከጫካው ጥግ ማንም ያልዳመጣትን ጠባብ መንገድ ይተዉልን። እንዲያውም ቆዳው እዚያ ይበልጥ ይይዛል።

የምናየው ተራራ ይህን ይመስላል። በብሔራዊ ደን መሬት ላይ ያለ እያንዳንዱ ሪዞርት ከሥር እስከ ጫፍ ቢያንስ አንድ ምልክት የተደረገበት ነፃ የመውጫ መንገድ አለው። መንገዱ በየዓመቱ የደን አገልግሎቱ በሚያጸድቀው የሥራ ዕቅድ ውስጥ በስም ተጽፏል፤ ሪዞርቱ ባለቤት በተለዋወጠ ቁጥር አይጠፋም። ማታ 3 ሰዓት ላይ ስልክ ተደውሎ የነገው ክፍት ይሁን ዝግ ይታወቃል። ለፓርኪንግ፣ ለቡና፣ ለሊፍት፣ ለኪራይ ዕቃ ዋጋ አለ፤ ለእርምጃ የለም። ከኦሮራ ሃይስኩል የመጡ ልጆች፣ ወላጆቻቸው የሊፍት ትኬት አይተው «ይሄ የወር አስቤዛ ነው» ያሏቸው፣ የተዋሱትን ስኪ ተሸክመው ከአውቶቡስ ይወርዳሉ። ማንም ክንዳቸው ላይ የታሰረ የመውጫ ፓስ አይፈልግም።

እኛም ባዶ እጃችንን አልመጣንም። በመንገዱ ጥግ እንወጣለን፣ መሐል አንገባም። መብራት እናበራለን። የዘጉትን እናከብራለን። ያመጣነውን ቆሻሻ ይዘን እንመለሳለን፤ የውሻ አንሥቶ በፌስታል የማይዝ ከእኛ አይደለም። ኬላውን በድብቅ የሚያልፍም ከእኛ አይደለም፤ ከሪዞርቱ ጋር በተጨቃጨቅን ቁጥር ያንን ልጅ ከካርድ ማሽኑ ጋር ብቻውን አንተወውም፤ ደመወዙን ሊያገኝ የቆመ ነው እንጂ ሕጉን ያወጣው እሱ አይደለም።

አበሻንና በረዶን ምን አገናኛቸው ለሚሉን፦ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ ተወዳዳሪ ሲሆን የተወዳደረው በአገር አቋራጭ ስኪ ነው። በሊፍት ወጥተው በሚወርዱበት አይደለም፤ ዳገቱም ቁልቁለቱም በራስ ሳንባ በሚሄዱበት። በሩጫ የምናውቀው ነገር ነው፣ ከሥሩ በረዶ ገባበት እንጂ።

የመጀመሪያው ደህና በረዶ በወረደ በሁለተኛው ቅዳሜ እንወጣለን። ከኦሮራ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት ነው፤ መኪና የሌለው ከእኛ ጋር ይሳፈራል፣ ስኪ የሌለው ጋራዥ ውስጥ አራት ትርፍ አለን፣ ሁለቱ አርጅተዋል ግን ይይዛሉ። ነፃውን መንገድ ለመጠየቅ ለዲስትሪክቱ ሬንጀር፣ ማለትም ለደን አገልግሎቱ የአካባቢው ኃላፊ፣ በጻፍነው ደብዳቤ ላይ ስሙን ያልፈረመ እዚያው ይፈርማል፤ እስክሪብቶ በብርድ ስለማይጽፍ እርሳስ አምጡ። ጋሼ ቴርሞሱን ይይዛሉ፤ ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት ሻይ ነው። ልጁ ዘንድሮም ማሽኑን ይዞ ከቆመ ለእሱም አንድ ኩባያ ይተርፋል።