ዝናቡ የሰማይ፣ ድፍኑ ቦይ የኛ



ግንቦት ሊያልቅ ነው፤ ክረምቱ ደጃችን ደርሷል። ክረምት በገባ ቁጥር ደግሞ በሰፈራችን የተለመደች አንዲት ንግግር አለች። ጎርፍ ቤት ሲገባ፣ አጥር ሲናድ፣ የሰው ንብረት ሲወሰድ «ምን ይደረግ፣ የፈጣሪ ቁጣ ነው» ትባላለች። በለቅሶ ቤትም ትነሣለች፣ በስብሰባም ትነሣለች። ይህች ንግግር ለሰሚው የሃይማኖት ትመስላለች እንጂ በውነቱ የስንፍናችን መሸፈኛ ሆናለች ብዬ በግልጽ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ቅር የሚለው ቢኖር እስከ መጨረሻው ካነበበ በኋላ ይውቀሰኝ።

በመሠረቱ አደጋ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የተፈጥሮ አደጋ ነው። ዝናብ ሲበዛ፣ ዝናብ ሲጠፋ፣ ምድር ስትንቀጠቀጥ ማንም ሰው አዝዞ ሊያስቆመው አይችልም። ሁለተኛው ግን ሰው ራሱ በቸልተኝነት የሚያመጣው ነው። ችግሩ ምንድን ነው፣ ይኸ ሁለተኛው ሁልጊዜ በአንደኛው ስም ነው የሚጠራው። በዚያ ስም ሲጠራ ደግሞ ተጠያቂ የለውም።

ለምሳሌ ያህል በቅርቡ ያየነውን ላንሣ። በታኅሣሥ ወር 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው መሬት በተደጋጋሚ ተንቀጥቅጧል። እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶን ሌሊት ከቤት የወጣን አለን። እዚያው ቦታው ላይ ቤት ፈርሷል፣ መሬት ተሰንጥቋል። ይህ ሰው የማይከለክለው ነገር ነው። ነገር ግን በ10 ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቦታው ተነሥቶ እንዲርቅ ተደረገ። ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ የብዙ ሰው መቃብር ሳይሆን ቀረ።

አሁን ደግሞ ኮሼን አስቡ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። ቤቶች ከነቤተሰባቸው ጠፉ። ያን ዕለት ምድር ተንቀጥቅጣ ነበር ወይ? አልተንቀጠቀጠችም። የኖኅ ጎርፍ መጥቶ ነበር ወይ? ኧረ አልመጣም። 50 ዓመት ያህል የከተማው ጥራጊ በአንድ ቦታ ላይ ሲከመር ኖረ። ድሃው ሌላ መጠጊያ ስላጣ ከክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሶ ገባ። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ ሊዛወር ተጀምሮ የዚያ አካባቢ ገበሬዎች ስለ ተቃወሙ ተመልሶ እዚያው ኮሼ ላይ መደፋት ቀጠለ። ክምሩ ሲቆለል ያላየ የለም፤ መኪናው ሲደፋ ያላየ የለም። ይህን «የተፈጥሮ አደጋ ነው» የሚል ሰው ቆሻሻ ከሰማይ ይዘንባል ማለቱ ነው።

ድርቅና ረሃብም እንደዚሁ አንድ አይደሉም። ድርቅ ማለት ዝናብ መጥፋቱ ነው፤ ረሃብ ግን እህል ለሰው አለመድረሱ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ላይ ሕዝብ ሲያልቅ ነገሩ ተደብቆ ነበር። በ1977 ዓ.ም. መባቻ በሰሜን ሰው በረሃብ እየረገፈ አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በድግስ ይከበር ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ እጅግ የከፋ ድርቅ መጥቶ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ርዳታ አስፈለገው፤ ሆኖም እንደ 1977ቱ ሕዝብ አላለቀም፣ እህል ደርሶለታልና። ሰማዩ ያው ሰማይ ነው። የተለየው የሰው ሥራ ነው።

ወደ ጎርፍ ልመለስ፣ የኛ ጉዳይ እሱ ነውና። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ በመቶ የሚቆጠር ሰው ወሰደ። ደቻቱ በአብዛኛው ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናቡ የዘነበው በላይ በኩል በደጋው ነው። ውሃ የድሮ መንገዱን አይረሳም፤ የሚረሳው ሰው ነው። ወንዙ ደርቆ ባለበት ጊዜ ዳሩ ላይ ቤት ተሠራ፣ ገበያ ቆመ፣ ልጆች ተወለዱ። ውሃው ሲመጣ ሁሉንም በተኙበት አገኛቸው።

«ታዲያ ሁሉም ነገር የሰው ጥፋት ነው ልትል ነው ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ውስጥ ተራራ ተንዶ ሰው ሲቀብር፣ ወገኑን ሊያወጣ በእጁ አፈር ሲቆፍር የነበረውም ሰው በሁለተኛው ናዳ ተቀበረ። እዚያ ላይ ጣት አልቀስርም። እንዲህ ላለው ይለቀሳል፣ ይጸለያል። ነገር ግን በእንዲህ ያለ አደጋ ለሞቱት ሰዎች ክብር ሲባል እንኳ የነሱን መከራ ለራሳችን ቸልተኝነት ምክንያት አናድርገው።

እንግዲህ የኛን ቦይ እንመልከት። ከላይኛው አስፋልት ተነሥቶ በወፍጮ ቤቱ ሥር አልፎ ወንዝ የሚገባውን ቦይ የማኅበሩ ኮሚቴ ባለፈው ሳምንት ከላይ እስከ ታች በእግሩ ሄዶ ተመልክቶታል። ያገኘነውም ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የጫት ገረባ፣ አሮጌ ፍራሽና የሞተ ውሻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ቤት የሚያሠራ ሰው አሸዋና ጠጠሩን ቦዩ ላይ አራግፎበታል። ሌላ ቦታ አጥር ወደ ውጭ ተገፍቶ ቦዩ ግቢ ውስጥ ገብቷል። ሁለት የብረት ክዳን ተሰርቆ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ የትምህርት ቤት ልጆች የሚያልፉት በዚያ ነው። ስም አልጠራም፣ ሁሉም ራሱን ያውቃል።

አንድ ጥያቄ ግን እጠይቃለሁ። ጎርፉ የሚገባው ከማን ቤት ነው? አሸዋ ካራገፈው ሰው ቤት አይደለም፣ እሱ ከላይ ነው። የሚገባው ከታች በወንዙ ዳር ካሉት ነው። አምና ነሐሴ አራት ቤት ውሃ ገብቶ፣ አልጋ ላይ የዋሉ አንዲት አዛውንት እናታችንን ወጣቶች አዝለው አወጧቸው። ቀን ስለ ነበረ ተረፉ። ሌሊት ቢሆንስ ኖሮ? ያን ጊዜ «የፈጣሪ ቁጣ» ብለን ንፍሮ ልንቅም ነበር ማለት ነው። ፈጣሪ አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊት ላይ ምን ቂም አለው?

«መንግሥት ይሥራው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ቦዩን ማስፋትና ክዳኑን መተካት የመንግሥት ሥራ ነው። ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፈናል። መልሱ «ይታያል» ነው። ጎርፍ ግን «ይታያል» ቢሉት አይቆምም። ጎርፉ ካለፈ በኋላ በነሐሴ ብርድ ልብስና ዱቄት ጭኖ ከመምጣት፣ ዛሬ አንድ ገልባጭ መኪና መላክ ይቀላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይኸው ነው። እኛም ደብዳቤ መጻፉን አናቆምም። ሆኖም ፌስታሉን ቦይ ውስጥ የጣለው መንግሥት አይደለም። ጣዩ የኛው እጅ ነው፤ ማንሣት የሚችለውም ያው እጅ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል። የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋ ወይም ዶማ ይዞ ወፍጮ ቤቱ ጋ ይገኝ። አካፋ የሌለው ማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ይምጣ። አሸዋ ያራገፈ ሰው እስከዚያው ድረስ ያንሣ። አጥር የገፋ ሰው ሽማግሌዎች ያነጋግሩታል፤ እምቢ ካለ ለወረዳው በጽሑፍ እናመለክታለን። የተሰረቁት ክዳኖች እስኪተኩ ድረስ ጉድጓዶቹ ከማኅበሩ ገንዘብ በተገዛ ጣውላ ይሸፈናሉ።

ሳይቃጠል በቅጠል ብለው አባቶቻችን ጨርሰውታል። ከእሑድ በኋላም ዝናቡ ከአቅማችን በላይ ከሆነ አብረን እንጸልያለን፣ አብረንም እንረዳዳለን። በነሐሴ መጥቶ «የፈጣሪ ቁጣ ነው» የሚለኝ ሰው ግን መጀመሪያ እሑድ ጠዋት የት እንደ ነበረ ይንገረኝ።

የማኅበሩ ጸሐፊ