ነጩ ቀለምና የሠዓሊው ሆድ

«ነጭ ደግሞ ምን ጉዳት አለው?» አለን ባልንጀራችን፣ በግራ እጁ ዳቦ በቀኙ ብሩሽ እንደ ያዘ። ብሩሹን ለማሾል ጫፉን በከንፈሩ ሲያረጥብ ስላየነው ነው ይህን መጻፋችን።

በአውሮፓ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ለዘይት ሥዕል የሚሆን ነጭ ቢባል አንድ ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል፤ እርሱም ከእርሳስ የሚወጣው ነው። (የምንጽፍበትን ማለታችን አይደለም፤ በእርሱ ውስጥስ እርሳስ የለም።) ሆላንዶች ሲሠሩት የእርሳሱን ጥቅል ኾምጣጤ ባለበት ማሰሮ ውስጥ ኾምጣጤው ሳይነካው ያኖሩና ማሰሮዎቹን ደራርበው በፈረስ ፋንድያ ይቀብሯቸው ነበር። ፋንድያው ሲብላላ ሙቀትና የካርቦን አየር ይሰጣል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ጥቁሩ ማዕድን ነጭ ቅርፊት አውጥቶ ይገኛል። ያን ቅርፊት የሚያራግፉትና የሚፈጩት ሠራተኞች ዱቄቱን እየተነፈሱ በሆድ ቁርጠት ይሰቃዩ፣ እጃቸውም ከአንጓው ዝሎ ይንጠለጠል ነበር። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1700 ስለ ሠራተኞች ሕመም ባሳተመው መጽሐፍ ሠዓሊዎችንም አልዘነጋም።

ቀለሙን ግን ያለ ፍርድ አንኮንነውም። በተልባ ዘይት ሲለወስ ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎም አይሰነጠቅም፤ ተተኪ ተብሎ የመጣው የዚንክ ነጭ በዘይት ውስጥ ሲያረጅ ይሰባበራል። በ1920ዎቹ ገደማ በገበያ የተስፋፋው የቲታኒየም ነጭ ከሁለቱም ይልቅ አጥብቆ ይሸፍናል፤ ዱቄቱን መተንፈስ ባይመከርም እንደ እርሳሱ መርዝ አይደለም።

በ1921 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በዤኔቭ ባወጣው ስምምነት ነጭ እርሳስ ለቤት ውስጥ ቅብ እንዳይውል ሲከለከል፣ የሥነ ጥበብ ሥዕል ከክልከላው ወጣ፤ መንግሥታት አጠቃቀሙን ይቆጣጠሩ ተባለ። ይህን ለጥበብ እንደ ተሰጠ ክብር የሚቆጥሩ አሉ። እኛ ግን አንቀበለውም። ግድግዳ የሚቀባው ሰው ሲጠበቅ ሸራ የሚቀባው ለራሱ ጥንቃቄ መተዉ ምኑ ክብር ነው? እርሳሱ እንደ ሆነ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ የሙያ ልዩነት አያውቅም።

ስለዚህ ባልንጀሮቻችን፣ የቀለሙን ቱቦ ገልብጣችሁ አንብቡ። «ፒ ደብልዩ 1» የሚል ቢኖርበት እርሳስ ነው፤ 4 ዚንክ፣ 6 ቲታኒየም ነው። የቆየ ሥዕል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ። መምህሮቻችንም በሥዕል ክፍሉ ቁም ሣጥን ጥግ ጽሑፋቸው የለቀቁትን አሮጌ ቱቦዎች እንዲያስወግዱልን፣ በበሩም አጠገብ ውኃና ሳሙና እንዲያኖሩልን በአክብሮት እንለምናለን። ዳቦውን እኛው ውጭ እንበላለን።