ከፖርቶ መጋላው በፊት ጎማው

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው በአደይ አበባ ሲሸፈን ከከተማ ወጣ ብሎ መመለስ ሁላችንንም ያምረናል። ሰሞኑን በጓደኞቼ መካከል ብዙ የሚነሳው የባሌ ጉዞ ነው፦ ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን ለልጆች ማሳየት፣ ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ ማቋረጥ፣ ከዚያም ወደ ሐረና ጫካ መውረድ። ቀኑ እንደተቆረጠ የሚከተለው ጥያቄ ደግሞ “መኪናው ላይ ምን ላስገጥም?” የሚል ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ መልሱ ብዙ ጊዜ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቶሎ የሚሸጠው ፎቶ ላይ የሚያምር ዕቃ ነው። ፖርቶ መጋላ፣ ጣሪያ ላይ የሚደረደር መብራት፣ የፊት መከላከያ ብረት ሁሉም ፎቶ ላይ ያምራሉ። የጎማ አየር ግን አይታይም። ነገር ግን መኪናው መሬት የሚነካው እያንዳንዳቸው መዳፍ በሚያክሉ አራት ቦታዎች ብቻ ነው። ፍሬኑም መሪውም የሚሠሩት በእነሱ በኩል ነው። ስለዚህ በጀታችሁ ውስን ከሆነ መጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ ከጭቃ መውጫ ዕቃ፣ ጌጡ መጨረሻ ይሁን።

የጎማውን ዕድሜ አንብቡ

በጎማው ጎን ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ባለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ። 2318 ከሆነ ጎማው የተሠራው በ2018 በ23ኛው ሳምንት ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ዘመኑ የፈረንጆቹ ነው። በእኛ አቆጣጠር ካነበባችሁት የ2018 አዲስ ጎማ ይመስላችኋል፤ እውነቱ ግን በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ የተሠራ ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማም ቢሆን ጎማው እያረጀ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ አስመርምሩት፤ 10 ዓመት የሞላውን ደግሞ ቀይሩት። የስኮርታውንም ቁጥር አትርሱ።

የትኛው ጎማ?

ኤች ቲ የሚባለው ለአስፋልት ነው፤ ጸጥ ያለና ነዳጅ ቆጣቢ ነው። ኤም ቲ ለጭቃ የተሠራ፣ ትልልቅ ጥርስ ያለው ነው፤ አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ በዝናብም ፍሬን ሲያዝ እንደ ኤች ቲ አይቆምም። ኤ ቲ የሁለቱ መካከለኛ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ በዓመት ሁለት ሦስቴ ጠጠር መንገድ ለሚወጣ መኪና ኤ ቲ ይበቃል። ዝናብ የጠገበ ጥቁር አፈር ላይ ግን የትኛውም ጎማ ጥርሱ ይደፈናል። እዚያ የሚያዋጣው እስኪደርቅ መጠበቅ ነው።

አየር

ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ ሙሉ ቤተሰብና ሻንጣ ሲጫን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ቁጥር ተጽፏል። አየሩን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለኩ። ያነሰ አየር ይዞ በፍጥነት መንዳት ጎማውን አሙቆ ሊያፈነዳው ይችላል። ሻካራ ጠጠር ላይ ቀስ ብላችሁ የምትነዱ ከሆነ 35 የነበረውን ወደ 28 ፒ ኤስ አይ ዝቅ ማድረግ መንገጫገጩን ይቀንሳል፣ አያያዙንም ያሻሽላል። አስፋልት ስትይዙ መልሳችሁ ሙሉ። ለዚህም ከመኪናው የሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካ ትንሽ የአየር መንፊያና መለኪያ ያዙ።

ስኮርታ አላችሁ?

አንዳንድ የከተማ መኪኖች የያዙት ቀጭን ጊዜያዊ ጎማ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አይነዳም። ብዙ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ጭራሹኑ ስኮርታ የላቸውም፤ የሚሰጣችሁ የቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ በድንጋይ የተቀደደ የጎማ ጎን አይደፍንም። ቅዳሜ ጠዋት ጊቢያችሁ ውስጥ ክሪኩን አውጥታችሁ አንድ ጎማ ፈትታችሁ ግጠሙ። ባልም ሚስትም ይሞክሩት። ጎሚስታ ቤት በማሽን የታሰረ ብሎን በእጅ መፍቻ አልፈታ ሊል ይችላል፤ ይህን ሳነቴ ላይ በብርድ ከምታውቁት ቤታችሁ ብታውቁት ይሻላል።

ማሻሻያ ሲያምራችሁ

መኪናውን ከፍ ማስደረግና ትልቅ ጎማ ማስገጠም ከድንጋይ ያተርፋል፤ ግን ዋጋ አለው። መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር ኩርባ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። ጎማው ከፋብሪካው ልክ ሲበልጥ የፍጥነት መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳያል። ፖርቶ መጋላም የክብደት ገደብ አለው፤ የመኪናው መመሪያ ላይ አንብቡት። ከባዱን ዕቃ፣ ውኃውንና የምግቡን ሣጥን ውስጥ፣ ወለል ላይ ጫኑና እሰሩት። ጣሪያ ላይ ብርድ ልብስና ድንኳን ይበቃል።

መንገድ ላይ

ከጎባ በኋላ መንገዱ ጠጠር ሆኖ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ቱሉ ዲምቱ ራሱ 4,377 ሜትር ነው። ጉምና ዝናብ ሳይታሰብ ይመጣሉ። ወደ ሐረና ስትወርዱ ዝቅተኛ ማርሽ ይዛችሁ ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬን ያለማቋረጥ ከተረገጠ ይሞቅና መያዝ ያቅተዋል።

ጎርፍ መንገድ ካቋረጠ መኪናችሁ ፎር ዊል ቢሆንም አትግቡ። የሚፈስ ውኃ ከባድ መኪና ይገፋል፤ ከሥሩ መንገዱ መኖሩንም አታዩም። ጭቃ ውስጥ ከተያዛችሁ ነዳጅ መርገጥ ይበልጥ ይቀብራል፤ ጎማው ፊት ያለውን አፈር በአካፋ አንሱ፣ ጣውላ ወይም ድንጋይ አንጥፉ። የሚጎትት ከተገኘ ገመዱን መጎተቻ ቀለበቱ ላይ እሰሩ እንጂ ፓራውልት ላይ በፍጹም። የተወጠረ ገመድ ሲበጠስ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ከመጎተቱ በፊት ልጆቹንም ሊረዱ የተሰበሰቡትንም ከገመዱ ርዝመት በላይ አርቁ።

ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ መድረሻችሁ ጋ ደውላችሁ ጠይቁ፤ በየትኛው መንገድ እንደምትሄዱና መቼ እንደምትደርሱም ለዘመድ ንገሩ። መብራቱና የፊት ብረቱ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆዩ። መልካም ጉዞ!