ሻንጣውን ተዉት

የአውሮፕላን ሞተር ገና መሬት ላይ ሳለ እሳት ከተነሣበት፣ የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ቃል «ተመስገን፣ እንኳን አልበረርን» ነው። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ መዘናጋቱ ግን አያዛልቅም። መሬት ላይ የፈሰሰ ነዳጅ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የተጨናነቀ ሕዝብ አለ።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 1985 ከእንግሊዟ ማንቸስተር ወደ ግሪኳ ኮርፉ ደሴት ሊበር 137 ሰዎችን የያዘ ቦይንግ 737 በመንደርደር ላይ ሳለ የግራ ሞተሩ ፈነዳ። ስባሪው ክንፉ ውስጥ ያለውን የነዳጅ ጋን በሳው። አብራሪዎቹ የሰሙት አንድ ከባድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ጎማ የፈነዳ መስሏቸው ፍሬኑን ቀስ አድርገው ይዘው ወደ ቀኝ ታጥፈው ቆሙ። ከግራ የሚነፍሰው ቀላል ነፋስ ነበልባሉን ወደ ተሳፋሪዎቹ ገፋው። ክንፉ ላይ ያለው የአደጋ ጊዜ መውጫ መዝጊያ ሲከፈት አጠገቡ በተቀመጠችው ሴት ላይ ወደቀ፤ ክብደቱ 22 ኪሎ ያህል ነበር። እሱ እስኪነሣ ወርቅ የሆኑ ሰከንዶች አለፉ። 55 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹን የጨረሳቸው ጭሱ ነው። ዛሬ ከመውጫው አጠገብ የምናየው ሰፋ ያለ ክፍተት ከእነዚያ ሰዎች ሞት የተገኘ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ቺካጎ ላይ የሆነው ደግሞ ሌላ ነገር አሳየ። ለመነሣት የሚንደረደር ቦይንግ 767 የቀኝ ሞተሩ ተሰባብሮ እሳት ያዘው። 170ዎቹም ሰዎች በሕይወት ወጡ። ነገር ግን በግራ በኩል መውጣት ሲጀመር የግራው ሞተር ገና አልጠፋም ነበር፤ ከኋላው የሚወጣው ኃይለኛ አየር አንድ ተሳፋሪ ጥሎ ክፉኛ ጎዳ። መርማሪዎቹ እንዳረጋገጡት አብራሪዎቹ የተከተሉት የሞተር እሳት መመሪያ በአየርና በመሬት ላይ የሚደረገውን አይለይም ነበር። በዚያ ላይ የበረራ አስተናጋጆቹ እየጮኹ ቢከለክሉም ሻንጣ አንጠልጥለው የወጡ ነበሩ።

ስለዚህ አስተናጋጇ በሩ ላይ ቆማ በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ አትቆጧት። ውጭ እሳት እንደሌለ፣ ሞተሩም እንደቆመ እያረጋገጠች ነው። ሰከንዶቹ የሚባክኑት በእሷ ሳይሆን ከላይ ሻንጣ በሚያወርደው ሰው ነው። አውሮፕላን ፈቃድ የሚያገኘው ግማሹ መውጫ ተዘግቶ ሁሉም ሰው በ90 ሰከንድ መውጣት እንደሚችል ሲታይ ነው፤ በዚያ ስሌት ውስጥ ሻንጣ ለማውረጃ የተቆጠረ ጊዜ የለም።

ይህን ስጽፍ በዓይኔ ላይ የሚመጡት ከዓረብ አገር የሚመለሱ እህቶቻችን ናቸው። የእጅ ሻንጣቸው ውስጥ የዓመታት ላብ አለ፤ ፓስፖርት፣ ወርቅ፣ ለእናት የተቋጠረ ገንዘብ። «ተይው» ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው፣ ለእሷ ግን አይደለም። ለዚህ ነው ነገሩ በሩ ላይ ሳይሆን ቀድሞ መነገር ያለበት። ትኬት የሚቆርጡላቸው ኤጀንሲዎችና አውሮፕላን ማረፊያ የሚሸኟቸው ዘመዶች ፓስፖርቱ፣ ወርቁና ገንዘቡ በአንገት በሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ልብሳቸው ሥር እንዲሆን፣ ጫማቸውም አውሮፕላኑ እስኪነሣ ድረስ ከእግራቸው እንዳይወልቅ ይንገሯቸው። ያን ጊዜ «ሁሉንም ትታችሁ ውጡ» ሲባል የሚቀረው ልብስና ስጦታ ብቻ ይሆናል።